በቤተሰብ ካርድ ወይስ በነፍስ ወከፍ?

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሌሊት ሲመታ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። እንዲህ ያለ ቀን እርዳታ በምን ይታደል?

በቤተሰብ ካርድ ፈጣን ነው። ቀበሌው ቤቱን ያውቃል፣ አባወራው ይፈርማል፣ አለቀ። ግን ወንድ በመውደዱ ከቤት የተባረረ ልጅ በማን ካርድ ይብላ? ስትወለድ ወንድ ተብላ፣ ራሷን ግን ሴት የምትል፣ መታወቂያዋ ላይ «ወንድ» የተባለች ትራንስጀንደር ሴትስ ሰልፉ ፊት ምን ትበል?

በነፍስ ወከፍ መመዝገብ ሰልፉን ያረዝማል፣ አዎ። እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። ሰው ብቻውን መጥቶ ብርድ ልብሱን ይውሰድ። ማንን እንደሚወድ ግን ማንም አይጠይቀው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ስለሚቀጣ፣ ማን ማንን እንደሚወድ የሚያሳይ የስም ዝርዝር ራሱ አደጋ ነው። የመጠለያው መጸዳጃም ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፤ ይሄ ለሴቶች ሁሉ ይጠቅማል።