ሪሲቨር ልቀይር ወይስ የዲሹን ዕቃ? ለሚቆራረጥ ቴሌቪዥን ብራችሁን የት ታውሉት

ክረምት በገባ ቁጥር ከደብረ ማርቆስም፣ ከእንጅባራም፣ ከሞጣም የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቴሌቪዥኑ እየተቆራረጠ አስቸገረን፣ የትኛውን ሪሲቨር እንግዛ?» መልሴም አይለወጥም። ሪሲቨር አትግዙ። ገንዘቡን ውጭ ላለው ዕቃ፣ ለኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ለፊት ለሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ)፣ ለገመዱና ለዲሹ አውሉት። ቢቸና ያለችው አክስቴ ጤፍ ሸጣ በ3,800 ብር የገዛችው ሪሲቨር እንደ አሮጌው ይቆራረጥ ነበር። ብልሽቱ የነበረው ዲሹ ላይ፣ 25 ብር በምታወጣ የገመድ ጫፍ ማገናኛ፣ በኮኔክተር ውስጥ ነው። ሻጩ ጣሪያው ላይ ያለውን ሳይጠይቅ አዲስ ሪሲቨር አሸከማት፤ እኔን እስካሁን የሚያበሳጨኝ ይህ ነው።

ዋጋውን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ አልረጋም፤ ስለዚህ የምጠቅሰው በቅርቡ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ሱቆች ጠይቄ የተነገረኝን ነው። ደህና ሪሲቨር ከ2,800 እስከ 4,500 ብር ይጠራል። ኦሪጅናል ኤልኤንቢ ከ600 እስከ 900 ብር ሲሆን ኮፒው በ250 ይገኛል። ደህና ገመድ በሜትር 40 ብር፣ ቀጭኑ 15 ብር ነው። ኮኔክተር ጥንዱ 50 ብር፣ የገጣሚ የእጅ ዋጋ 500 ብር። እንግዲህ አስሉት። ኤልኤንቢ 800፣ ሃያ ሜትር ገመድ 800፣ ኮኔክተር 50፣ የእጅ ዋጋ 500፤ ድምሩ 2,150 ብር ይሆናል። ከርካሹ ሪሲቨር እንኳ በ650 ብር ያንሳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም መቀየር አያስፈልግም፤ ኮኔክተሩን ቆርጦ እንደገና መሥራት ብቻ የሚበቃበት ቤት ሞልቷል።

ሪሲቨሩ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አንድ ብር አታወጡም። ነቅላችሁ ቴሌቪዥኑ የማይቆራረጥበት ጎረቤት ቤት ወስዳችሁ ሰኩት። እዚያ ያለ ችግር ከሠራ ጤነኛ ነው፤ ወደ ሱቅ አትሂዱ። ጎረቤት ከሌለ የሪሲቨሩን ሜኑ ክፈቱና ሁለቱን መስመሮች ተመልከቱ። ሰው ሁሉ የሚያየው ስትሬንግዝ የሚለውን ነው፤ ሰማንያ ሲል «ሲግናሉ እኮ ሙሉ ነው» ይላሉ። ስትሬንግዝ የሚነግራችሁ ግን በአመዛኙ ኤልኤንቢው ኃይል እንደደረሰውና ገመዱ እንዳልተቆረጠ ነው፤ ዲሹ ባዶ ሰማይ ላይ ቢዞርም ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ቁም ነገሩ ኳሊቲ የሚለው ላይ ነው። ስትሬንግዝ ከፍ ብሎ ኳሊቲ ከወረደ ዲሹ ዞሯል ወይም ኤልኤንቢው ደክሟል። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ገመዱንና ኮኔክተሩን እዩ።

ሌላም ምልክት አለ። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው በዚያው ገመድ ኃይል ይልካል፤ ቋሚ ሞገድ ላይ ላሉት (ሜኑ ላይ V ለሚላቸው) ጣቢያዎች 13 ቮልት፣ አግድም ላይ ላሉት (H ለሚላቸው) 18 ቮልት። ቋሚዎቹ እየታዩ አግድሞቹ ብቻ ከጠፉ ያ 18 ቮልት መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው፤ የዛገ ኮኔክተር ወይም ረጅምና ቀጭን ገመድ መጀመሪያ ይጠርጠር።

ለምን በክረምት? የድሮው አንቴና ሲደክም ምስሉ ነጠብጣብ ይለብሳል እንጂ ሰው ይታይበት ነበር። ዲጂታሉ እንዲህ አይደለም። ሲግናሉ ከሚፈለገው መጠን እስካልወረደ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጥቂት ሲወርድ ምስሉ በአራት ማዕዘን ይሰባበራል፣ ትንሽ ደግሞ ሲወርድ ጭራሹን ይጠፋል። ዲሾቻችን የሚቀበሉትን ሞገድ ደግሞ ከባድ ዝናብ ይመጠዋል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የሚጨልም ቤት በጋውንም በጠርዝ ላይ ነበር የቆየው፤ ጥርት ብሎ ስለታየ ማንም አላወቀም። እዚህ ላይ አዲስ ሪሲቨር ምን ያደርጋል? ያልደረሰውን ሲግናል ከየት ያመጣዋል?

ዲሽ ላይ 60 ወይስ 90 ሳንቲ ሜትር ለሚለው እኔ ያለ ማመንታት 90 እላለሁ። 60ው 1,700፣ 90ው 3,000 ብር አካባቢ ነው። የ1,300 ብር ልዩነት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን የ90ው ስፋት የ60ውን ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው፣ የሚሰበስበውም ሲግናል በዚያው ልክ ይበልጣል። በአዊና በጮቄ ዙሪያ ዝናቡ ሲወርድ የሚያድናችሁ ይህ ትርፍ ነው። በተጨማሪ አሁን የሚመጡት ብዙዎቹ 60ዎች ቆርቆሯቸው ስስ ነው። ሱቅ ውስጥ ጠርዙን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጉት፤ ከተጣጠፈላችሁ በነፋስም ይጣጠፋልና ተዉት። ማቆሚያውንም እዩ፤ ብሎኑ ቀለም የተቀባ ብቻ ከሆነ በሁለት ክረምት ዝጎ ዲሹ መላወስ ይጀምራል።

የት ይተከል የሚለውም ገንዘብ ነው። በ2013 ዓ.ም. አካባቢ የአገራችን ጣቢያዎች የተዛወሩበት ኢትዮሳት የሚገኘው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ኤንኤስኤስ 12 በሚባለው ሳተላይት ላይ ነው። ከጎጃም ሲታይ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ መካከል፣ ከአድማስ 64 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ይህን ያህል ከፍ ያለን ነገር የጎረቤት ቤት ወይም የግቢ ባሕር ዛፍ በቀላሉ አይጋርደውም። ስለዚህ ዲሹን ጣሪያ ላይ መስቀል ግዴታ አይደለም! ግቢ ውስጥ በሲሚንቶ የተተከለ ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ይበቃዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሰው ሲረግጠው ይላወሳል፤ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ዲሹ ደግሞ ትንሽ ከዞረ ሲግናሉን ይስታል። መሬት ላይ ከሆነ ገመዱ ያጥራል፣ አቧራውንም የወፍ ኩሱንም ያለ መሰላል ትጠርጉታላችሁ። የሕፃናት ኳስ እንዳይመታው ዙሪያውን ማጠር ብቻ ነው።

ናይልሳትን ለሚፈልግ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ሆኖ ከእኛ ዘንድ 38 ዲግሪ አካባቢ ላይ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ይታያል። በዳንግላና በእንጅባራ በኩል በየማሳው የተተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ አድጎ ስንቱን ዲሽ ጋርዷል። ሁለቱ ሳተላይቶች ስለሚራራቁ አንድ ዲሽ ለሁለቱ አይሆንም፤ ሁለተኛ ዲሽ፣ ሁለተኛ ኤልኤንቢና ማቀያየሪያ ይጠይቃል፤ ማቀያየሪያውም ውሃ ሲገባው ቶሎ የሚሞት ዕቃ ነው። የአገር ውስጥ ጣቢያ ለሚበቃው ቤት ይህን ወጪ አልመክርም።

ኤልኤንቢ ላይ ስለ ኮፒው ልናገር። ሳጥኑ ላይ የታተመው 0.1 ዲቢ የሚል የጥራት መለኪያ ጽሑፍ ምንም አይነግራችሁም፤ ኮፒውም ኦሪጅናሉም ላይ አለ። በእጃችሁ መዝኑት፤ ኮፒው ይቀላል። የፊቱ ክዳን በጣት ሲጫኑት ከተነቃነቀ፣ የገመዱ መግቢያ ላይ የውሃ መከላከያ ጎማ ከሌለው መልሱት። ያ ክዳን በጋውን በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ክረምቱ ሲመጣ ውሃ ይገባዋል፣ ከዚያ በኋላ ጠዋት ሠርቶ ማታ እንቢ የሚል ዕቃ ይሆናል። በ250 ብር አተረፍሁ ያለ ሰው በዓመቱ ሌላ 250 እና ለገጣሚ 500 ይጨምራል። የ800 ብሩን አንድ ጊዜ ገዝቶ መገላገል ይሻላል።

ገመድ ላይ የሚደረገው ማታለል ከሁሉም ይከፋል፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ነውና። ሻጩን ጫፉን እንዲልጥላችሁ ጠይቁት። መካከለኛውን ሽቦ በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፤ ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ከነጣ መዳብ የተቀባ ብረት ነው፣ ማግኔትም ይስበዋል። ለአጭር ርቀት ያገለግላል፤ ለረጅሙ ግን ሙሉ መዳቡን ያዙ። በዙሪያው የተሸረበው ሽቦ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለበት፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ክር ብቻ ከታየ ተዉት። የአክስቴን ኮኔክተር ስፈታው የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ለብሶ ነበር፤ ሽሩቡም በጣት ሲነኩት እንደ ጥላሸት ይራገፋል። ውሃው በገመዱ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ወርዷል። ያንን ቆርጬ በአዲስ ኮኔክተር አሠርሁት፤ ኤልኤንቢው ጋ ከመድረሱ በፊት ውሃ እንዲንጠባጠብ ገመዱን ወደ ታች አጎንብሼ፣ መገጣጠሚያውን በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠቀለልሁት።

አንድ ነገር ላይ ግን ምንም አትግዙ። መጋቢት መጀመሪያና መስከረም አጋማሽ አካባቢ፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ደቂቃ ምስሉ ቢጠፋ ፀሐይ በሳተላይቱ ጀርባ እያለፈች ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በራሱ ይቆማል። በዚያ ሳምንት «ኤልኤንቢህ ተቃጥሏል» የሚላችሁን ገጣሚ አሰናብቱት።

ሪሲቨሩ እውነትም የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ አልክድም። ራሱን እያጠፋ ከተነሣ፣ መብራቱ እየበራ ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም ካልመጣ፣ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለው ችግሩ እሱ ጋ ነው። የመብራት መዋዠቅ ባለበት ከተማ መጀመሪያ የሚጎዳው የኃይል ክፍሉ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሆዱ ያበጠ ካፓሲተር ይታያል፤ ጥገና ቤት በ300 ብር ይቀይሩታል። መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ አስማሚው (አዳፕተሩ) ከውጭ የሆነውን፣ በ12 ቮልት የሚሠራውን ምረጡ። አስማሚው ሲቃጠል በ350 ብር ሌላ ይገዛል፣ ሪሲቨሩ ይተርፋል። መብራት በሌለበት ገጠርም ከሶላር የ12 ቮልት ባትሪ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ከማገናኘታችሁ በፊት የአዎንታዊውንና የአሉታዊውን ጫፍ ለዩ።