ጭቃ ውስጥ የወረዱት ዳኞች፦ የክርክር ቦርድን አገልግሎት እንዴት አየሁት

በአንድ የሕንፃ ፕሮጀክት ላይ በተቋራጩ በኩል የውል ጉዳይ ተከታታይ ነበርኩ። ውላችን በፈረንጆች 2017 የወጣው ፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን መደበኛ የግንባታ ውል) ስለነበር፣ ሥራው ሲጀመር በእኛና በአሠሪው መካከል የሚነሳን ጠብ የሚወስን ሦስት አባላት ያሉት የክርክር ቦርድ ተቋቋመ። አንዱን እኛ፣ አንዱን አሠሪው አቀረብን፤ ሰብሳቢውን ተስማምተን መረጥን። ክፍያቸውን እኩል እንካፈላለን። የመጀመሪያው ሒሳብ ሲመጣ «ጠብ ሳይኖር ለዳኛ መክፈል ምን የሚሉት ነው?» ብዬ አጉረመረምኩ።

ጠቡ አልዘገየም። መሠረት ስንቆፍር በአፈር ጥናቱ ላይ ያልተጠቀሰ ውሃ ፈለቀ። ሥራው ቆመ፤ ፌሮው ዛገ። ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ «ልምድ ያለው ተቋራጭ ይህን መገመት ነበረበት» ብሎ ክሌማችንን፣ ማለትም የተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ ጥያቄያችንን፣ ሳይቀበል መለሰው።

ቦርዱ ለመደበኛ ጉብኝት ሲመጣ ጉድጓዱ ገና ክፍት ነበር። ሰብሳቢው ቦት ጫማ አጥልቀው ወረዱ። ውሃው የደረሰበትን ምልክት በሜትር ለኩ። ከዚያ የፓምፑን ኦፕሬተር ጠርተው «በቀን ስንት ሰዓት ታሠራዋለህ?» አሉት። ልጁ ከኪሱ የነዳጅ መመዝገቢያውን አወጣ። እኔ ሌሊት ሙሉ ካዘጋጀሁት ፋይል ይልቅ ያቺ ጭቃ የነካት ደብተር ሠራች። ጉዳዩ ከዓመታት በኋላ ግልግል ዳኝነት ቢደርስ ኖሮ ጉድጓዱ ላይ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ልጁም የት እንዳለ አይታወቅም።

ውሳኔው ውሉ ባስቀመጠው የ84 ቀን ገደብ ውስጥ ወጣ። የጊዜ ማራዘሚያና ወጪያችንን አገኘን፤ እንዲህ ያለው ክሌም ላይ ትርፍ አይታሰብም። ቆሞ ዋለ ያልነውን ኤክስካቫተር ግን ቆረጡብን። ለካስ በእነዚያ ቀናት ሌላ ጥግ ሲቆፍር እንደነበር የራሳችን ሳይት ቡክ (የዕለት ሥራ መዝገብ) ላይ ተጽፏል!

ሁለተኛው ክሌማችን ወደቀ። አማካሪው ግድግዳ አፍርሰን እንድንሠራ በቃል አዘዘ፣ እኛም ዝም ብለን ሠራን። ክሌም እንዳለን የሚገልጸው የጽሑፍ ማስታወቂያ በ28 ቀን ውስጥ መግባት ሲገባው በ41ኛው ቀን ጻፍን። «ለምን ዘገያችሁ?» ሲሉን ሥራ አስኪያጃችን «እንዳንቀያየም ብለን ነው» አለ። ሰብሳቢው ፈገግ አሉ፤ ውሳኔው ግን ፈገግ አላለም።

ቅሬታዬ ክፍያው ላይ ነው። አሠሪው በውሳኔው እንደማይስማማ አስታወቀ። እንዲያም ሆኖ ውሳኔው እስኪሻር ድረስ መፈጸም ግዴታው ነው። ቦርዱ ግን ገንዘቡን ራሱ አያስከፍልም። ወደ ግልግል እንሄዳለን ብለን እስክንጽፍ ድረስ አራት ወር የባንክ ወለድ በላን።

ለሚቀጥለው ውል ቦርድ ይኑር ብያለሁ። ሥራው አነስ ካለ አንድ አባል ይበቃል።