የሙሽራው ኬክ በ200 ዶላር፦ ቅርጽ፣ ፎቶ ወይስ ጣዕም?

በቴክሳስ ወይም በጆርጂያ የሚሞሸሩ ልጆቻችን ከዋናው የሠርግ ኬክ ሌላ «የሙሽራው ኬክ» የሚባል ሁለተኛ ኬክ ያዝዙ እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም። ልማዱ ከእንግሊዝ ተነሥቶ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሥር የሰደደ ነው። ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ቸኮሌት ሲሆን፣ ሙሽሪት ወይም ሚዜዎች ለሙሽራው በስጦታ ያሠሩታል፤ የሙሽራውን ሙያ፣ ክለቡን ወይም የሚወደውን ነገር እንዲያሳይ ይደረጋል። እኔም ለታናሽ ወንድሜ ሠርግ ይህን ኬክ የማሠራት ኃላፊነት ወድቆብኝ ነበር። የተመደበልኝ 200 ዶላር ነው፤ የመጣሁበትን መንገድ ሌላው ሰው በአጭሩ እንዲያልፈው እፈልጋለሁ።

ወንድሜ ቡና ወዳድ ስለሆነ መጀመሪያ ያሰብነው የጀበና ቅርጽ ያለው ኬክ ነበር። ጥሩ ባለሙያ ይህን ከ300 ዶላር በታች የሚሠራ አላገኘሁም፤ ምክንያቱ ሲገባኝም አልፈረድኩም። የምትከፍሉት ለዱቄትና ለቅቤ ሳይሆን ለእጅ ሥራ ሰዓት ነው። የጀበና አንገትና እጀታ በኬክ ብቻ ስለማይቆም ውስጡ እንጨት ወይም ቱቦ ይገባል፤ ቀጫጭኑ ክፍል በፈነዳ ሩዝና ማርሽሜሎ በሚባል ለስላሳ ከረሜላ ተጠፍጥፎ ይሠራል። ላዩ ደግሞ ፎንዳንት በሚባለው የስኳር ሊጥ ይለበሳል፤ ይህን ሊጥ ብዙ እንግዳ ልጦ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይተወዋል። ከዋጋው ትልቁ ድርሻ የሚውለው ለማይበላው ክፍል ነው ማለት ነው። አዳራሹ መግቢያ ላይ የሚቆም፣ ሁሉም ፎቶ የሚነሣበት ነገር ከፈለጋችሁና ገንዘቡ ካለ የሚተካከለው የለም። በ200 ዶላር ግን አይሞከር።

ሁለተኛው ምርጫ ፎቶ የታተመበት ኬክ ነው። በሚበላ ቀለም በስስ የስኳር ወረቀት ላይ ታትሞ ክሬሙ ላይ ይለጠፋል። ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው፤ 9 በ13 ኢንች የሆነ ጠፍጣፋ ኬክ 20 ሰው ያህል ያበላል፣ በብዙ ሱፐርማርኬትም ይገኛል። ሁለት ችግር ግን አለበት። የክለብ ዓርማ የባለቤትነት መብት ስላለው ብዙ ኬክ ቤቶች አናትምም ይላሉ፤ በክለቡ ቀለም ማስዋብ ግን ይቻላል። ከዚህ የሚብሰው እርጥበት ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ ኬክ ሲወጣ ያልበዋል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ ይፈሳል። በአንድ ዘመዳችን ሠርግ የሙሽራው ፊት እንዲህ ተበላሽቶ ሙሽሪት ስታለቅስ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሰው አልመክረውም።

እኛ የመረጥነው ሦስተኛውን ነው፦ 8 ኢንች ክብ፣ ሁለት ድርብ የቸኮሌት ኬክ። ሊጡ ውስጥ ጠንከር ያለ ቡና ገባበት፤ ላዩ በጋናሽ፣ ማለትም በክሬም በቀለጠ ቸኮሌት ተሸፈነ። የቅቤ ክሬም በቴክሳስ የበጋ ሙቀት ቶሎ ይላላል፤ በጥቁር ቸኮሌት የተሠራ ጋናሽ ግን የተሻለ ይይዛል። ጀበናዋን የተውናት መስሏችሁ ከሆነ አልተውናትም፤ ከእንጨት የተቆረጠች ትንሽ ጀበና፣ ሥሯ ስሙ በአማርኛ ተጽፎ ኬኩ አናት ላይ ቆመች። ዛሬ ወንድሜ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አኑሯታል።

እንዲህ ያለው ኬክ ከ20 እስከ 24 ሰው ያበላል። እንግዳው ከዚያ ሲበልጥ ኬኩን ማሳደግ አያስፈልግም። እንደ ኮስኮ ካለ የጅምላ መደብር 48 ሰው የሚያበላ ጠፍጣፋ ኬክ 30 ዶላር በማይሞላ ዋጋ አስመጥቶ ጓዳ ውስጥ መቁረጥ ይበቃል፤ የአባልነት ካርድ ያለው ዘመድ ደግሞ አይጠፋም። የእኛ ወጪ ከነእንጨቷ ጀበና 165 ዶላር ሆነ።

ከዋጋው እኩል የሚያሳስበው የሚቆረስበት ቦታ ነው። ብዙ ሆቴሎችና አዳራሾች ከውጭ ለገባ ኬክ የመቁረጫ ክፍያ በእንግዳ ቁጥር ያስከፍላሉ፤ ለ150 ሰው ሲባዛ የኬኩን ዋጋ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ለመልስ አድርጉት። አሜሪካኖቹም አንዳንድ ጊዜ ይህን ኬክ በሠርጉ ዋዜማ እራት ላይ ስለሚቆርሱት ከሠርጉ ቀን መውጣቱ ነውር አይደለም። በመልስ ቤተሰቡ ተቀራርቦ ይቀመጣል፣ ካባው ተለብሶ ድፎው ይቆረሳል፤ ሙሽራውም የራሱን ኬክ ተረጋግቶ ይቀምሳል።

መልሱ እሑድ ከሆነ ብዙ ትናንሽ ኬክ ቤቶች ስለሚዘጉ ቅዳሜ ጠዋት የሚያመጣውን ሰው አስቀድማችሁ መድቡ፤ ሚዜዎቹን ግን አትመኑ፣ ያን ቀን ሥራ ይበዛባቸዋል። ሌሊቱን በሣጥኑ እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር፤ ከመቆረሱ ሁለት ሰዓት በፊት ይውጣ። ጀበናዋን መጨረሻ ላይ ትከሉ።