ስሜን አትጥሪ ስላለኝ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ የምለው ሰው አለኝ። ስሜን አትጥሪ ብሎኛል፤ እሺ አልጠራም፣ ውለታውን ግን ውጬ አልቀርም።

የማስተርስ ጥናቴ በደም ሕመም ላይ ነው። ዳታዬ ላይ ያሉት ቦታዎች የተቆጠሩት በፈረንጆቹ 2009 በወጣው የሰው ጂኖም (የሙሉው ዘረመል ካርታ በሉት) ቅጂ ሲሆን አማካሪዬ የፈለጉት ደግሞ በ2013 መጨረሻ የወጣውን ነው። ሁለት ሺህ ምናምን ቦታ ወደ አዲሱ ቁጥር መዞር ነበረበት። "ቀላል ነው" ያለኝ የመጀመሪያው ባለሙያ ስድስት ሺህ ብር ተቀብሎ ሦስት ሳምንት ስልክ ሳያነሳ ከረመ። ፋይሉ ሲመጣ ለካ ከሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ቀንሶ ኖሯል! ሁለተኛውማ "ዳታሽ ራሱ ቆሻሻ ነው" ብሎ አመናጭቆ ሸኘኝ። ዲፌንሴ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይህን ልጅ ጓደኛዬ ናት ያገናኘችኝ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወልኩለት፤ አልተሰላቸም። "እህቴ፣ መጀመሪያ በደንብ የምታውቂውን አንድ ቦታ ስጪኝ" አለኝ። ሲክል ሴል የሚባለውን የደም ሕመም የሚያመጣውን ቦታ ሰጠሁት፤ 11ኛው ክሮሞዞም፣ 5248232። ኤንሴምብል የሚባለውን ነፃ ኤፒአይ (ፕሮግራም በኢንተርኔት የሚጠይቀው የጂኖም መረጃ አገልግሎት ነው) ቢጠይቀው 5227002 አለው። ዲቢስኒፕ የሚባለው የዘረመል ልዩነቶች መዝገብ ላይም ከፍቶ አመሳከረልኝ፣ ልክ ነው።

"እዚህ ጋ 21230 ቀነሰ፤ ሌላ ቦታ ልዩነቱ ሌላ ነው። የኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ስትቀይሪ ሁሌ 7 ትደምሪያለሽ እንዴ?"

ሳቄ መጣ። እኔኮ የጥር ልጅ ነኝ! 8 መደመር ሲገባው 7 የደመረ ጸሐፊ ፓስፖርቴ ላይ አንድ ዓመት አስረጅቶኛል። ከዜሮ መቁጠርና ከአንድ መቁጠር የሚባል ነገርም አስረዳኝ። አልገባኝም፣ ገባኝ ብዬ ዋሸሁት።

በሁለተኛው ቀን ማታ ሁሉንም ጨርሶ ላከልኝ። ልቤን የነካው ግን ለብቻ ያስቀመጣት ትንሽ ፋይል ናት። 31 ቦታ አለባት፣ ከላይ "እነዚህ አዲሱ ቅጂ ላይ አልተገኙም፣ በግምት አልሞላሁም" ይላል። የፊተኛው ሰውዬ ፋይል ላይ እነዚያው 31 ቦታዎች ቁጥር ተሞልቶባቸው ነበር! ዲፌንሱ ላይ አንዱ ፈታኝ ስለነሱ ሲጠይቁኝ የልጁን ማስታወሻ እንዳለ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና አለፉ።

ሂሳብ ስለው "ስትመረቂ ቡና ትጋብዢኛለሽ" አለ። በግድ ነው በቴሌብር የላክሁለት።

ተመራቂዎች፣ በእናታችሁ፣ የለፋችሁበትን ዳታ ላገኛችሁት ሁሉ አትስጡ። ለዚህ ልጅ ስጡ። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ ለዚህ ልጅ ስጡ።

ፓስፖርት የሚያስተካክል ካወቃችሁም ጠቁሙኝ።