«ጠርዙ መሳል አያስፈልገውም» የተባለልኝ ስኖውቦርድ፦ ከአንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት በኋላ

ስለዚህ ቦርድ ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር። ለስላሳ ስኖው ላይ ጥሩ ነው፣ አይከብድም፣ ባይንዲንጉ (ጫማን ከቦርዱ ጋር የሚያስረው) አንድም ቀን አላስቸገረኝም። እንድጽፍ ያደረገኝ የተረከዝ በኩል ጠርዙ ነው። ቦርዱ ሁለት የብረት ጠርዝ አለው፤ አንዱ በእግር ጣት በኩል፣ አንዱ በተረከዝ በኩል። የበረዶው ወቅት ሲጋመስ አይስ ላይ መያዝ ጨርሶ ተወ። በጣት በኩል ስዞር ደህና ነኝ። ወደ ተረከዝ ስመለስ ግን ቦርዱ «ድድድድ» እያለ ይንቀጠቀጥና ከሥሬ ይሸሻል። ቀጥሎ ያለው በመቀመጫ መውደቅ ነው፤ አይስ ላይ የወደቁት ደግሞ ሕመሙ በቀላሉ አይለቅም።

የምኖረው ዲሲ አካባቢ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ ወገኖቼ ደረቅና ለስላሳ ስኖው ላይ ትጫወታላችሁ። እኛ የምንሄደው ፔንስልቬንያ ነው፤ ሊበርቲ፣ ራውንድቶፕ፣ ኋይትቴል ወደሚባሉት መንሸራተቻ ተራሮች። ኋይትቴል እንኳ ከአናቱ እስከ ግርጌው ከፍታው 935 ጫማ ብቻ ነው። ስኖው የምንለውም አብዛኛው በማሽን የሚሠራ ነው። ውሃ በታመቀ አየር ተረጭቶ ሳያርፍ ይቀዘቅዛል። የሚወርደው ድቡልቡል ቅንጣት ስለሆነ ጥቅጥቅ ይላል። ቀን ፀሐይ ወይም ዝናብ ያቀልጠዋል፣ ሌሊት መልሶ ይረጋል። ጠዋት ማሽኑ መስመር መስመር አድርጎ አበጥሮት ሲታይ ያምራል። ሰው ትንሽ ሲመላለስበት ግን ያ ስስ ሽፋን ይጠረግና ከሥሩ አይሱ ብቅ ይላል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የምሥራቁን ዳርቻ «አይስ ኮስት» ይሉታል። እዚህ ቦርድ የገዛ ሰው ከሁሉም በላይ የገዛው ጠርዙን ነው።

ወደ ሱቁ ልምጣ። ስሙን አልጠራም። ቦርዱን ስገዛ ስለ መሳል ጠይቄ ነበር። ሻጩ «ከፋብሪካ ተስሎ ነው የሚመጣው፣ ምንም መንካት አያስፈልግህም» አለኝ። ችግሩ ሲጀምር ቦርዱን ይዤ ተመለስኩ። ገልብጦ እንኳ አላየውም። «በረዶ የለመድክ ሰው አትመስልም፤ ለአይስ የሚሆን ሌላ ቦርድ አለን» ብሎ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረውን አሳየኝ። ይህ አነጋገር እስካሁን ያናድደኛል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ተወዳድሯል። መልክ አይቶ ሰውን መመዘን ምን ማለት ነው? ቦርዱን ይመዝን ነበር እንጂ።

ያሳየኝ ቦርድ ጠርዙ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ሞገድ ገባ ወጣ ይላል። ሊብ ቴክና ግኑ የተባሉት ቦርድ ሠሪዎች «ማግኔ-ትራክሽን» የሚሉት ዓይነት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጠርዙ በብዙ ነጥብ አይሱን ይነክሳል። ተውሼ ሞክሬዋለሁ፣ ይይዛል። ግን ወንድሜ፣ እሱም ብረት ነው። እሱም ይደነዝዛል። ዛሬ ያንን ብገዛ በሚቀጥለው ዓመት ምን ልትሸጥልኝ ነው?

ቤት ገብቼ ጥፍሬን ጠርዙ ላይ ጎተት አደረግኩት። የተሳለ ጠርዝ ከጥፍር ላይ ነጭ ብናኝ ይፍቃል። በጣት በኩል ትንሽ ፋቀ። በተረከዝ በኩል፣ በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ምንም የለም፤ ጥፍሬ ተንሸራቶ አለፈ። መብራት ሥር አዘንብዬ ሳየው ጠርዙ ላይ ቀጭን የሚያበራ መስመር አለ። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም። የደነዘ ግን ጫፉ ስለሚከብ ያብለጨልጫል። ለምን በተረከዝ በኩል ብቻ? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቁልቁለት ሲያስፈራ ሁላችንም ፍሬን የምንይዘው በተረከዝ ነው፤ ስኖው ሲሳሳ ደግሞ ከሥሩ ጠጠር ይወጣል።

ሞረድ ገዛሁ፤ ማዕዘኑን የሚጠብቅ ማቀፊያ ያለውን። ዋጋው ከአዲሱ ቦርድ ጋር አይወዳደርም። መጀመሪያ ላይ ሞረዱ አንዳንድ ቦታ ላይ እየተንሸራተተ እምቢ አለኝ። ጎረቤቴ ጋሼ፣ አቃቂ፣ ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጣታቸውን አስኬዱበትና «ልጄ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ መትቶት ጠንክሯል። ሞረድ አይበላውም፤ በመሳያ ድንጋይ ጀምረው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብረቱ ድንጋይ ሲመታ በዚያች ነጥብ ላይ ይጠነክራል፣ ሞረድም ላዩ ላይ ይሸራተታል። የአልማዝ ብናኝ ያለበት መሳያ መጀመሪያ ያንን ያነሳዋል፤ ሞረዱ ከዚያ በኋላ ይይዛል።

የጎኑን ማዕዘን 88 ዲግሪ አደረግኩት። ብዙ ቦርድ ከ90 ዲግሪ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ተቀንሶለት ይሳላል፤ ለአይስ 88 ይሻላል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከአፍንጫው ወደ ጭራው፣ በረጅሙ እየሳቡ። የብረት ብናኙን በየመሃሉ በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የቦርዱን ሆድ፣ በረዶው ላይ የሚንሸራተተውን የሥር ፊት፣ ይቧጥጣል። በመጨረሻ እንደ ላጲስ ለስለስ ባለው ድንጋይ ጫፉ ላይ የቀረውን ሸካራ ብረት ማንሳት ነው። ከሆዱ በኩል ያለውን ጠርዝ ግን ቤት ውስጥ አትንኩ። እዚያ አብዝታችሁ ከሞረዳችሁ የሚመለሰው የቦርዱ ሆድ በሙሉ በማሽን ሲፋቅ ብቻ ነው።

ከዚያ ኋይትቴል ሄድኩ። ያው ቁልቁለት፣ ያው ግራጫ አይስ። ወደ ተረከዝ ዞርኩ፣ ያዘ! የደነዘ ቢላ የቲማቲም ልጣጭ ላይ እንደሚንሸራተተው ሲንሸራተት የከረመው ቦርድ ሰመጥ ብሎ ቆረጠ። ያ ንቅጥቅጥ ጠፍቶ አንድ ወጥ የሆነ «ሽሽሽ» ብቻ ቀረ። ያን ያህል ጊዜ የተደበቀብኝ ቦርድ ይሄ ነበር። ሻጩን አጠገቤ ባቆመው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ሐቁን ለመናገር ሞረድ ብቻውን አይበቃም። በተረከዝ በኩል የሚያንቀጠቅጠው ሌላው ነገር አቋቋም ነው። አይስ ሲያስፈራን እግራችንን ቀጥ አድርገን መቀመጫችንን ወደ ኋላ እንጥላለን። ያኔ ክብደታችን ከጠርዙ ውጭ ይወጣል፣ ጠርዙም ይለቅቃል። ጉልበትም ቁርጭምጭሚትም ይታጠፍ። የእግር ጣቶችን በጫማው ውስጥ ወደ ቅልጥም ሳቡ፤ ጠርዙን የሚያነሳው እሱ እንጂ የሰውነት መጋደም አይደለም። ደረት ቀና፣ ዳሌ ከጠርዙ በላይ፣ ዓይን በፊተኛው ትከሻ በኩል ወደምትሄዱበት። ከኋላ ያለውን የባይንዲንግ ድጋፍም ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሉት። የቦርዱን ባሕርይ በግልጽ ይለውጠዋል። በጣት በኩል ደግሞ ከወገባችሁ አትጎንበሱ፤ ጉልበትን ወደ በረዶው ግፉ፣ ቅልጥማችሁ የጫማውን ምላስ ይጫነው፣ ዳሌ ወደ ፊት ይምጣ።

ሁለተኛው ነገር ቦታ መምረጥ ነው። የሚያብረቀርቀው ግራጫ ወይም ሰማያዊ ቀለም አይስ ነው። ነጭና ፈዘዝ ያለው የሚይዝ ስኖው ነው። ሰው እየገፋ የሚወስደው ስኖው በመንገዱ ዳርና ዳር ስለሚከማች መሃሉን ትታችሁ ዳር ዳሩን ውረዱ፣ ዛፎቹን ሳትጠጉ። አይሱ ላይ ስትደርሱ ደንግጣችሁ ፍሬን አትያዙ። ሰውነታችሁን ሳታወዛውዙ፣ ጠርዙን በጥቂቱ ብቻ አንስታችሁ እለፉት፤ የምትዞሩት ከአይሱ ማዶ ባለው ነጭ ላይ ነው። አይሱ ላይ መዞር ግድ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ጀምሩትና ቀስ በቀስ ተጫኑት። ድንገት የተጫኑት ጠርዝ ይለቃል። ፀሐይ የሚያገኘው ፊት ረፈድ ሲል ይለሰልሳል። ወደ ሰሜን የዞረው ቁልቁለት ግን ቀኑን ሙሉ እንደጠነከረ ይውላል፣ እሱን ለመጨረሻ አቆዩት።

ሄልሜት ያለ ክርክር ነው። የእጅ አንጓ መከላከያም እንዲሁ፤ ስኖውቦርድ ላይ በብዛት የሚሰበረው አንጓ ነውና። ስትወድቁ እጃችሁን ጨብጡ፣ በክንዳችሁ እረፉ።

ቦርዱን በመግዛቴ አልተጸጸትኩም። በዚህ ዋጋ፣ ለእኛ አካባቢ አይስ፣ ደግሜ እገዛዋለሁ። የተጸጸትኩት ማንም ሳይገለብጠው በደነዘ ጠርዝ ባሳለፍኩት ግማሽ የበረዶ ወቅት ነው። አሁን ከተራራ ስመለስ መኪና ውስጥ እርጥቡን አልተወውም፤ ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ዝገት በአንድ ሌሊት ይጀምራልና። ለቀጣዩ ዓመት ሳስቀምጠው ብረቱን ጭምር በሰም ሸፍኜ ነው።

ሁለት ልጆች ልግዛው ብለውኛል። አይሸጥም። ሞረዱን ግን ማቀፊያው 88 ላይ እንዳለ ለማንም አውሳለሁ።