ባለ 45 ሚሊሜትር ቲዩብለስ ጎማ በኮረኮንች ዳገትና ቁልቁለት

ኮረብታማ በሆነ ገጠር የኮረኮንች መንገድ ለሚመርጥ ብስክሌተኛ፣ 45 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቲዩብለስ ጎማ ከቀጭኑ የአስፋልት ጎማ የሚበልጥበት ነገር በግልጽ የሚታየው ዳገት ላይ ነው። በድንጋይና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ተቆንጥጦ የሚበሳ የውስጥ ጎማ ስለሌለው፣ ንፋሱን እንደ ነጂው ክብደት እስከ 2 ባር ገደማ ዝቅ አድርጎ መጓዝ ይቻላል፤ በዚህ ግፊት ጎማው ጠጠሩን እየፈነጠረ ከመዝለል ይልቅ በላዩ ተለጥጦ መሬቱን ይይዛል። ከኮርቻው ተነስቶ ቆሞ መንዳት ግን ክብደቱን ከኋላ ስለሚያነሳ የትኛውንም ጎማ በከንቱ ያሽከረክራል፤ ይህ የጎማው ጥፋት አይደለም።

ቁልቁለት ላይ ምቾቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የመሃል ጥርሱ ለስላሳ ከሆነ ደረቅ አሸዋ ላይ ፍሬን ሲያዝ ልብ አያሳርፍም፤ ጭቃ ላይማ ባይሞከር ይሻላል።

የእሾህ ቀዳዳን ውስጡ ያለው ፈሳሽ ማሸጊያ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይደፍነዋል፤ ይሁንና ፈሳሹ በጥቂት ወራት ስለሚደርቅ መተካት አለበት፣ ጎኑን ስለታም ድንጋይ ከሰነጠቀው ደግሞ ስለማይረዳ ትርፍ የውስጥ ጎማ መያዝ የግድ ነው። ከመግዛት በፊት የብስክሌቱ ሹካ ይህን ስፋት ማስተናገዱን መለካት ይገባል።