የኤርናው የእሳትና የጭስ ካርታ፦ ለዛሬ ይታመናል፣ ለነገ ግን ነፋሱንም ማየት ያሻል

በሲያትልና በአካባቢዋ ለምንኖር ሰዎች፣ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት መስኮት ከመክፈት በፊት ስልክ ማየት ልማድ ሆኗል። እኔ የማየው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአገሪቱ የደን አገልግሎት ጋር፣ በኤርናው ድረ ገጽና መተግበሪያ በነጻ የሚያቀርበውን የእሳትና የጭስ ካርታ ነው። አሁን የምንተነፍሰውን አየር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። የነገውን ለመወሰን ግን ካርታው ብቻውን አይበቃም።

ክቡ ምልክት ቋሚ የመለኪያ ጣቢያ፣ ሦስት ማዕዘኑ እሳት ሲነሣ ለጊዜው የሚተከል መሣሪያ፣ አራት ማዕዘኑ ደግሞ ሰዎች በየቤታቸው የሚሰቅሉት ርካሽ መለኪያ ነው። ሁሉም የሚለኩት ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠውን፣ የፀጉርን ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ያህል የሆነውን ብናኝ ነው። ርካሾቹ ጭሱን አጋንነው ስለሚያሳዩ ኤጀንሲው እርጥበቱን አስልቶ ቁጥሩን ካረመ በኋላ ያወጣዋል፤ ለእኔ የካርታው ትልቁ ጥንካሬ ይህ ነው። አልፎ አልፎ አንዱ አራት ማዕዘን ብቻውን ቢቀላ፣ ጎረቤት ሥጋ እየጠበሰ ሊሆን ይችላልና ሌሎቹንም ማየት ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ በአየር ጥራት ቁጥሩ (ከፍ ባለ መጠን አየሩ የከፋ ነው) ከ151 ጀምሮ የሚመጣውን ቀይ ካየች ግን ያለ ጭምብል ቤተ ክርስቲያን አትሄድም። ቀድሞ እጠቀምበት የነበረ፣ ስሙን የማልጠራው የስልክ መተግበሪያ «ጥሩ» እያለኝ ልጆቹን ሜዳ ወስጄ ሲያስሉ አምሽተዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በካርታው ላይ የተዘረጋውን ግራጫ የጭስ ሽፋን ሲያነብ ነው። ሽፋኑን ባለሙያዎች የሚሥሉት ከሳተላይት ምስል ስለሆነ፣ ጭሱ በሰማይ ላይ መኖሩን እንጂ ወደ መሬት መውረዱን አያሳይም። ከሩቅ የመጣ ጭስ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ፀሐይዋ ብርቱካን መስላ እየታየች ከሥሯ ያሉት ነጥቦች አረንጓዴ ይሆናሉ።

ጭሱን የሚያወርደውም የሚጠርገውም የአየሩ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2022 የተነሣው የቦልት ክሪክ እሳት ከግዛታችን ከዋሽንግተን እሳቶች ትልቁ አልነበረም፤ ሆኖም በኦክቶበር አጋማሽ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ደካማ ነፋስ ጭሱን ከካስኬድ ተራሮች በሸለቆው በኩል ወደ እኛ ሲያወርደው፣ ከላይ የነበረው ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ገጥሞ ያዘው። ሲያትል በዚያን ሰሞን በዓለም ካሉ ትልልቅ ከተሞች የከፋው አየር ያለባት ተብላ ተመዘገበች፤ የገላገለን ከውቅያኖስ የመጣው ዝናብ ነው።

ለነገው፣ ለትልልቅ እሳቶች የተመደቡ ባለሙያዎች የሚጽፉትን የጭስ ትንበያ ካርታው ላይ ማግኘት ይቻላል። መግለጫው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እሳት በሌለበት ሰፈር ብዙ ጊዜ አይወጣም። ከጀርባ ያሉት የኮምፒውተር ሞዴሎችም ወሰን አላቸው። የብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ሞዴል ምድሩን በ3 ኪሎ ሜትር እየከፈለ ያሰላል፤ የእሳቱን ኃይል የሚያገኘው ግን ከሳተላይት ስለሆነ፣ ደመና ከጋረደው ወይም እሳቱ ከሰዓት በኋላ በድንገት ከበረታ ስሌቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ጭሱ ራሱም አየሩን ይለውጣል። በሴፕቴምበር 2020 ከኦሪገንና ከካሊፎርኒያ የመጣው ጭስ ፀሐይን ስለጋረደ መሬቱ አልሞቀም፤ መሬቱ ካልሞቀ አየሩ ከታች ወደ ላይ አይቀላቀልም፤ በዚህም የተነሣ ይጠራል የተባለበት ቀን ደጋግሞ ተገፋ። ስለዚህ ማታ ማታ የነፋሱን ትንበያ አስቀድሜ አያለሁ፤ ከምዕራብ፣ ከባሕር በኩል የሚነፍስ ከሆነ የልጆቹን የጠዋት ጨዋታ አልሰርዝም።

ካርታው የማይነግረን የቤታችንን አየር ነው። መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ቡና ቆልተን እጣን ስናጤስ፣ ሳሎን ያስቀመጥኩት ትንሽ መለኪያ ከውጪው በልጦ ሐምራዊ ሆኖ አይቻለሁ። አሁን በጭስ ቀን የተቆላ ቡና ነው የምናፈላው፤ እናቴ ግን እስካሁን አልተቀበለችውም።